ሁዳዴን በሴኡል፤ ለሚሄድ ሰው የምነግረው

ደብረ ዘይትን ሰፈሬ አስቀድሼ በማግስቱ ማታ ተሳፈርኩ። ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ሴኡል አጠገብ ባለው ኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ ወረድኩ። የሁለት ሳምንት ስልጠና ነበረኝ፤ ሲያልቅ በራሴ ወጪ አምስት ቀን ጨመርኩ። ጊዜው የሁዳዴ እኩሌታ ነው። ከመሄዴ በፊት ያገኘሁት ሰው ሁሉ ያወራልኝ ስለ ፎቆቹ፣ ስለ ስልኮቹና ስለ ድራማዎቹ ነበር። ጾም ይዞ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚበላ፣ በማለዳ የት ቢሄድ እንደሚሻለው፣ ምልክቶቹን እንዴት እንደሚያነብ የነገረኝ አልነበረም። ከተመለስኩ ወዲህ ለትምህርትም ለንግድም የሚሄዱ ሰዎች እየደወሉ ይጠይቁኛል፤ ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው ልጻፈው ብዬ ነው። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ፤ ዓመቱ ግን ‘ዓ.ም.’ ካላልኩ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን ነው።

መጀመሪያ ፊደሉን ተማሩ። ይህን የምለው ለጌጥ አይደለም። ሃንጉል የሚባለው የኮሪያ ፊደል ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀውና በ1446 ለሕዝብ ያወጣው ነው። ዛሬ የሚሠራበት 24 ፊደል ብቻ ነው፤ 14 ተነባቢ፣ 10 አናባቢ። ከእኛ የፊደል ገበታ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ደግሞ በሀ ሁ ሂ ላደገ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። እኛ አናባቢውን ፊደሉ ላይ እንቀጥለዋለን፤ እነሱ ተነባቢውንና አናባቢውን ጎን ለጎን ወይም ከላይና ከታች አድርገው አንድ ሳጥን ውስጥ ያስገቡታል። አንዱ ሳጥን አንድ ድምፅ ነው፣ ልክ እንደ እኛ ‘ገ’ ወይም ‘ጉ’። እኔ ሁለት ማታ አዲስ አበባ ላይ፣ የቀረውን አውሮፕላን ውስጥ አጠናሁት። ቋንቋውን አላወቅሁም፤ የሜትሮ ጣቢያ ስም፣ የምግብ ዝርዝር፣ የአውቶቡስ መድረሻ ግን ማንበብ ቻልኩ። ድምፁም ቢሆን ይረዳናል። ጠበቅ አድርገው የሚያወጧቸው ተነባቢዎች አሏቸው፤ አውሮፓውያን ሰልጣኞች ሲቸገሩባቸው አይቻለሁ። ሙሉ በሙሉ አንድ ባይሆኑም ከእኛ ጠ፣ ጨ፣ ጰ ጋር ይቀራረባሉ፤ በእነዚህ አድርጌ ስናገር ሰው ይገባው ነበር።

መጓጓዣው ቀላል ነው፣ ብዙ አላወራበትም። ከአውሮፕላን ማረፊያው በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር ሴኡል ጣቢያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ዋጋው በዚያን ጊዜ 4,500 ዎን አካባቢ ነበር። አንድ ዶላር ከ1,300 ዎን በላይ ይመነዘር ነበር። ‘ቲመኒ’ የሚባለውን ካርድ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ካለ ሱቅ ግዙ፤ ለሜትሮም ለአውቶቡስም ያገለግላል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ጣቢያ ውስጥ ባሉት ማሽኖች እኔ ካርዱን መሙላት የቻልኩት በጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ዎን ከኪስ አይጥፋ። ከአውቶቡስ ስትወርዱም ካርዱን ማስነካት አለባችሁ፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ሌላ ከተሻገራችሁ እንደ አዲስ አትከፍሉም። ለመንገድ ጉግል ማፕን አትመኑ፤ በእግር የሚያስኬደውን መንገድ ሊነግረኝ አልቻለም። የአገሬው ሰው የሚጠቀምባቸው ኔቨር ማፕ ወይም ካካኦ ማፕ ናቸው፤ በእንግሊዝኛም ይሠራሉ። ባቡር ውስጥ ጫፍ ላይ ያሉት መቀመጫዎች የአረጋውያን፣ ሮዝ ቀለም ያላቸው የነፍሰ ጡሮች ናቸው፤ ባዶ ቢሆኑም ሰው አይቀመጥባቸውም። ስልክም በዝግታ ነው። እኔ አንድ ቀን ከቤት ተደውሎልኝ እንደ አገሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳወራ አንዲት እናት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አዩኝ፤ ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁት።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ሴኡል ምግቡ አትክልት ይበዛበታል። ገበታው ሲቀርብ ቅጠል፣ ሥራ ሥር፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ፣ የባሕር አረም፣ ሩዝ ነው የሚታየው። በዓይን ስታዩት የጾም በያይነቱ ይመስላል። ግን ውስጡ ሌላ ነው። ሾርባው አብዛኛውን ጊዜ በደረቀ ትንሽ ዓሣ ነው የሚፈላው፤ ‘ኪምቺ’ በሚባለው የተብላላ ጎመን ውስጥ ‘ጆትጋል’ የሚሉት በጨው የቆየ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ይገባል። በሁለተኛው ቀን ስልጠናው አጠገብ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ገብቼ “ሥጋ የለውም?” ብዬ ጠየቅሁ፤ “የለውም” አሉኝ። የቶፉ ሾርባ አዘዝኩ። ሁለት ማንኪያ ከቀመስኩ በኋላ ሥሩ ላይ የጣት ጥፍር የምታክል ዓሣ አየሁ። ሴትየዋ አልዋሹኝም። በእነሱ አነጋገር ሥጋ ማለት የከብት፣ የአሳማ፣ የዶሮ ነው፤ ዓሣው ቅመም ነው። ከዚያ ወዲህ “ሥጋ አለው?” ብዬ መጠየቅ ተውኩና እያንዳንዱን በስሙ መጥራት ጀመርኩ።

የሚያስፈልጓችሁ ጥቂት ቃላት ናቸው። ‘ጴ ጁሴዮ’ ማለት “አውጡልኝ፣ አታግቡብኝ” ነው። ‘ጎጊ ጴ ጁሴዮ’፣ ሥጋ አታግቡብኝ። ‘ግዬራን ጴ ጁሴዮ’፣ እንቁላል አታግቡብኝ። ቢቢምባፕ የሚባለው፣ ሩዝ ላይ አምስት ስድስት ዓይነት አትክልት የሚደረደርበት ምግብ፣ በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጾም ይሆናል ማለት ይቻላል። ቀዩ የበርበሬ ድልህ አንዳንድ ቤት ከተፈጨ ሥጋ ጋር ስለሚጠበስ እሱንም ለብቻው በትንሽ ሳህን አስመጡ። ስልክ ላይ ‘ፓፓጎ’ የሚባለውን መተርጎሚያ ጫኑና “በሃይማኖቴ ምክንያት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ አልበላም፤ ከዓሣ የተፈላ ሾርባም አልበላም” የሚል ጽሑፍ አስቀምጡ። ለአስተናጋጅ በሁለት እጅ አድርጋችሁ አሳዩ። በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል እዚያም እንደ እኛው የአክብሮት ነው፤ እኔ ሳላስበው ከቤት ይዤው በሄድኩት ልማድ ብዙ ፊት ፈካልኝ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ምግብ ቤቶች ልክ 9 ሰዓት ላይ ዘግተው 11 ሰዓት ላይ ነው የሚከፍቱት። የዕረፍት ሰዓታቸው ነው። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። መፍትሔው ገበያ መሄድ ነው፤ የገበያ መደዳዎች አያርፉም። ወይም በየመንገዱ ጥግ ካሉት ሃያ አራት ሰዓት ከሚሠሩት ትንንሽ ሱቆች የተጠበሰ ስኳር ድንች ግዙ። ትኩሱን ከወረቀት ጋር ይሰጧችኋል፤ ልጣጩ በእጅ ይላቀቃል፣ ውስጡ ማር ነው። ለብዙ ቀን ጾሜን የፈታሁት በእሱ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ገዳማቱ የሚሠሩት ምግብ ነው። የቡድሃ መነኮሳት ሥጋም ዓሣም አይበሉም፤ ከዚያ አልፈው ነጭ ሽንኩርትና የሽንኩርት ዘር ራሱ አይነኩም። ያለ ሽንኩርት ወጥ ይሠራል ብለው ቢነግሩኝ ባላመንኩ ነበር። ከጆግዬሳ ገዳም ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ውስጥ ‘ባሉ ጎንግያንግ’ የሚባል ምግብ ቤት አለ፤ የገዳማቱ ማኅበር ነው የሚያስተዳድረው። ርካሽ አይደለም፤ እኔ ከ30,000 ዎን በላይ ከፍያለሁ፣ ቦታም አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ግን ለአንድ ቀን ሂዱ። የሎተስ ሥር፣ እንጉዳይ፣ ከተራራ የተለቀመ ቅጠል፣ ለዓመታት የቆየ የአኩሪ አተር ድልህ እየተከታተለ ይመጣል። “ይህ ውስጥ ዓሣ አለ ወይ” ብዬ ሳልጠይቅ የበላሁበት ብቸኛ ገበታ እሱ ነበር።

ጆግዬሳ ራሱ ቢሮዎች በበዙበት መሐል ከተማ ነው ያለው። መግቢያ አይከፈልም። እኔ በሄድኩበት ሰሞን ለቡድሃ ልደት በዓል ግቢውን ሙሉ በወረቀት ፋኖስ ሸፍነውት ነበር፤ ሰማዩ አይታይም። በምሳ ሰዓት ደረጃው አጠገብ ቆሜ ሳለ አንዲት ወጣት መጣች። አንገቷ ላይ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ተንጠልጥሏል፤ እጇ ላይ በረዶ የገባበት ቡና ይዛለች። ቡናውን ደረጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች፣ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አውልቃ በጎን በር ገባች፣ ምንጣፍ ዘረጋችና መስገድ ጀመረች። ጉልበት፣ ክርን፣ ግንባር፤ ተነሥታ እንደገና። ስንት እንደሰገደች አልቆጠርኩም፤ ላብ ግንባሯ ላይ እስኪታይ ድረስ ነው። ከዚያ ምንጣፉን አጥፋ መለሰች፣ ጫማዋን አድርጋ ቡናዋን አንሥታ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄደች። የእነሱ እምነት የእኔ አይደለም። ነገር ግን በሁዳዴ ከስግደት የመጣ ሰው ስግደትን ያውቀዋል፤ ውጭ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ወደ ውስጥ መግባት ለሚፈልግ ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው፤ የሚገባውም በመካከለኛው ሳይሆን በጎን በር ነው። የሚጸልይ ሰው ፎቶ አታንሡ።

ስለ ሴኡል ሲነገር “አሮጌውና አዲሱ አብረው የሚኖሩባት” ይባላል። እኔ አባባሉ ሙሉ አይደለም ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ‘አሮጌው’ የሚሉት ብዙው ተቃጥሎ፣ ፈርሶ እንደገና የተሠራ ነው። ትልቁ ቤተ መንግሥት ጊዮንግቦክጉንግ መጀመሪያ የተሠራው በ1395 ነው። በ1592 በጃፓን ወረራ ጊዜ ተቃጠለ፤ ከዚያ በኋላ ከ270 ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። በ1860ዎቹ እንደገና ተሠራ። ጃፓን ከ1910 እስከ 1945 አገሪቱን ስትገዛ አብዛኛውን አፈረሰችውና ፊት ለፊቱ የቅኝ ገዥውን ዋና መሥሪያ ቤት ገተረች። ኮሪያውያን ያንን ሕንፃ በ1990ዎቹ አጋማሽ አፍርሰው ቤተ መንግሥቱን ክፍል በክፍል እየመለሱ ነው፤ ከዋናው በር ከጓንግሁዋሙን ፊት ያለው የድንጋይ መድረክ የተመለሰው እኔ ከመሄዴ ጥቂት ወራት በፊት፣ በጥቅምት 2023 ነው። ከተማው ደቡብ በር ላይ ያለው ሱንግንዬሙንም በ2008 በእሳት ነደደ፤ አምስት ዓመት ፈጅቶ በ2013 ተከፈተ። ይህን አውቃችሁ ስትሄዱ እንጨቱ ለምን አዲስ እንደሚመስል ይገባችኋል። ቀለሙ ደማቅ ነው ብሎ “ይሄማ ቅርስ አይደለም” የሚል ሰው ሰምቻለሁ፤ አልስማማም። እንደገና ለመሥራት የሚያውቅ አናጢ፣ ቀለም ቀቢ፣ ድንጋይ ጠራቢ አገሩ ውስጥ መቆየቱ ራሱ ቅርስ ነው።

ጊዮንግቦክጉንግ ማክሰኞ ዝግ ነው። መግቢያው 3,000 ዎን ነው፤ ሃንቦክ የሚባለውን ባህላዊ ልብስ ለብሶ ለገባ ነጻ ነው። ስለዚህ አካባቢው በሃንቦክ አከራዮች ተሞልቷል፤ ለሁለት ሰዓት 15,000 ዎን አካባቢ ያስከፍላሉ። የአገሬው ወጣቶች ራሳቸው ተከራይተው፣ ተያይዘው ፎቶ ሲነሡ ታያላችሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ሲከፈት ግቡ፤ 4 ሰዓት ላይ የዘበኞች ቅያሬ ሥነ ሥርዓት አለ፣ ከዚያ በኋላ ግቢው ይጨናነቃል። ልብሱ ለጊዜው ካማራችሁ ተከራዩ፤ እኔ አልተከራየሁም፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ነው የገባሁት። አንዲት አሮጊት አስቁመው ጥለቱን በጣታቸው ዳበሱና በእጅ የተሠራ መሆኑን በምልክት ጠየቁኝ። በራሴ ነቀነቅሁላቸው። የራሳቸውን የሃንቦክ ማሰሪያ አሳዩኝ፤ ያም በእጅ የተሰፋ ነው።

ከቤተ መንግሥቱ በስተምሥራቅ ቡክቾን የሚባለው የጥንት ቤቶች ሰፈር አለ። ጣሪያቸው ጥቁር ሸክላ፣ መስኮታቸው ወረቀት፣ ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ የሆኑ ቤቶች ዳገቱን ተከትለው ይወጣሉ። ሰው ይኖርባቸዋል፤ ይህን አትርሱ። በየበሩ “እባካችሁ ዝም በሉ” የሚል ተለጥፏል። እኔ ከተመለስኩ በኋላ ደንቡ ጠብቋል፦ ዋናው መንገድ ላይ ጎብኚ መግባት የሚችለው ከጠዋቱ 4 እስከ 11 ሰዓት ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጭ የተገኘ 100,000 ዎን ይቀጣል። ትክክል ነው እላለሁ። በር ላይ ቆሞ የሰው ግቢ የሚያጮልቅ ሕዝብ አይቻለሁ።

አቅም ካላችሁ አንድ ሌሊት እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ እደሩ። እኔ ከአምስቱ ቀን አንዱን ለዚህ አዋልኩት። አልጋ የለም፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ ይነጠፋል። ወለሉ ግን ከታች ይሞቃል። ‘ኦንዶል’ ይሉታል፤ በጥንት ጊዜ የማድ ቤቱ እሳት ጢስ በወለሉ ሥር ባለ ቦይ እያለፈ ክፍሉን ያሞቅ ነበር፣ ዛሬ በሙቅ ውሃ ቱቦ ነው። በአዳዲሶቹ የሃያና የሠላሳ ፎቅ አፓርታማዎችም ወለሉ የሚሞቀው በዚሁ መንገድ ነው። አሮጌው ነገር በአዲሱ ሕይወት ውስጥ እንዴት እንደሚቀጥል ያየሁት ከሙዚየም ይልቅ እዚህ ነው፤ ፎቁ ተቀየረ፣ ሰው ግን አሁንም ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ወለሉም ሞቃት ነው።

ስለ ሎቴ ማማ አጭር ልበል። ሎቴ ማማ 555 ሜትር፣ 123 ፎቅ ነው። ወጥቼ አላየሁም፤ ከተማውን ከላይ ማየት ለሚፈልግ በነጻ የሚያሳይ ሌላ ቦታ ስላለ ገንዘቤን አልከፈልኩም። እሱም ግንቡ ነው።

የጥንቷ ሴኡል ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች ነበረች። ግንቡ መጀመሪያ የተሠራው በ1396 ሲሆን ርዝመቱ 18.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ አብዛኛው ዛሬም አለ። ሙሉውን መዞር የአንድ ሙሉ ቀን ድካም ነው። ለጀማሪ የምመክረው ናክሳን የሚባለውን ክፍል ነው፦ ከሄህዋሙን በር ተነሥቶ ዶንግዴሙን ድረስ፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ለእንጦጦ ልጅ ዳገቱ ምንም አይደለም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም ተነሡ፤ አናቱ ላይ ስትደርሱ ከተማው መብራት ያበራል።

ስትሄዱ ግን መብራቱን ብቻ አትዩ፣ ድንጋዩንም እዩ። ሥረኛው ትንሽ፣ ያልተጠረበ ድንጋይ የ1396ቱ ነው። እንደ በቆሎ ፍሬ ክብ ክብ ተደርጎ የተደረደረው የሴጆንግ ዘመን ነው፣ የፊደሉ ባለቤት የራሱ። አራት ማዕዘን ተደርጎ የተጠረበው በ1700ዎቹ መጀመሪያ፣ ከእሱ የሚበልጠው በ1800ዎቹ የተሠራ ነው። ነጭ ነጭ የሚለው የዘመናችን ጥገና ነው። ጥገናውን ለማስመሰል አልሞከሩም፤ ማን የት እንደጀመረ ይታያል። ወደ ዶንግዴሙን ስትወርዱ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉ። ግንቡ ለየአውራጃው ተከፋፍሎ ስለተሰጠ የሠራው አውራጃና የተቆጣጠረው ሹም ስም ተጽፎበታል፤ ቢፈርስ ተጠያቂው እንዲታወቅ። ጣቴን አንዱ ላይ አደረግሁ። ቻይንኛ ፊደል ስለሆነ ማንበብ አልቻልኩም፣ ጠርዙ ግን ገና ይሰማል።

ግንቡ ሲያልቅ መንገዱን ተሻግሮ ዶንግዴሙን ዲዛይን ፕላዛ አለ፤ ዛሃ ሃዲድ የነደፈችው፣ በ2014 የተከፈተው፣ ማዕዘን የሌለው የብር ቀለም ሕንፃ። ቦታው የድሮ ስታዲየም ነበር። ስታዲየሙ ፈርሶ መሠረት ሲቆፈር የግንቡ ቅሪትና ወንዝ የሚያልፍበት የድንጋይ በር ተገኘ፤ ግቢው ውስጥ እንዳለ አቆይተውታል። ሕንፃው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱን በአንድ ዓይን ታያላችሁ።

ከዚያ በእግር አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ብትሄዱ ጓንግጃንግ ገበያ ትደርሳላችሁ። ከ1905 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው። በአንዱ በኩል ጨርቅና የሃንቦክ ሐር፣ በመካከል የምግብ መደዳ። ደጋግሜ የቆምኩት ማሾ የሚፈጩት ሴቶች ጋ ነው። የተዘፈዘፈው ማሾ በሚሽከረከር የድንጋይ ወፍጮ ላይ ይፈስሳል፤ ወፍጮውን የሚያዞረው ሞተር ነው፣ ድንጋዩ ግን የጥንቱ ዓይነት ነው። ቢጫው ሊጥ በጎን ሲንጠባጠብ ሴትየዋ በጭልፋ ቀድታ ዘይት ውስጥ ታደርገዋለች፤ ጠርዙ እስኪንኮሻኮሽ ትጠብሰዋለች። ‘ቢንዴቶክ’ ይባላል። ጿሚ ልብ በል፤ አንዳንዱ መደዳ ሊጡ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ይጨምራል፣ ኪምቺውም አለበት። ‘ጎጊ’ እያላችሁ ጠይቁ። እኔ ያለ ሥጋ የምትሠራ አግኝቼ፣ ኪምቺውን እንዳታገባ በጽሑፍ አሳይቼ ነው የበላሁት። በሁለተኛው ቀን ስመጣ ሳልናገር ለብቻዬ ሊጥ ቀነሰችልኝ።

በገበያው ደቡብ የሚያልፈውን የቾንግጌቾን ወንዝም አትለፉት። ለብዙ ዓመታት ላዩ ተደፍኖ ከፍ ያለ የመኪና መንገድ ተሠርቶበት ነበር። በ2003 መንገዱን ማፍረስ ጀመሩ፣ በ2005 ወንዙ ተከፈተ። ስድስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነው፤ ውሃው ብዙው ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚመጣ ነው። ማታ ሰው እግሩን ውሃ ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል። ስለ አዲስ አበባ ወንዞች የሚያስብ ሰው አንድ ሰዓት ቢቀመጥበት ደስ ይለኛል።

ኢትዮጵያዊ ሆኖ እስከዚያ ድረስ የሄደ ሰው ሁለት ቦታ ሳያይ መመለስ የለበትም። አንዱ ዮንግሳን ያለው የጦርነት መታሰቢያ ነው፤ መግቢያው ነጻ፣ ሰኞ ዝግ። በግራና በቀኝ ባሉት ረጃጅም ኮሪደሮች የሞቱት ወታደሮች ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ የእኛዎቹም አሉ። እኔ ያደግሁት ኮሪያ ሰፈር አካባቢ ነው። በልጅነቴ በኮሪያ ጦርነት የዘመቱ አባቶች በበዓል ቀን ሜዳሊያቸውን አድርገው ሲወጡ እናያቸው ነበር፤ ደርግ ጊዜ ያንን ደረት ላይ ማድረግ እንደማይቻል ያወሩልን ነበር። ቃኘው ሻለቃ መጀመሪያ የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው። በየተራው ከ6,000 በላይ ሰው ሄዷል፣ ከ120 በላይ ቀርቷል። ሰሌዳው ላይ ስሞቹ በላቲን ፊደል ናቸው። አንድ በአንድ፣ ከአፌ እያወጣሁ በእኛ አጠራር አነበብኳቸው።

ሁለተኛው ቹንቾን ነው። ከዮንግሳን ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ግድም ነው፤ ጊዜ ካላችሁ በሜትሮ ካርዱም ይደረሳል፣ ብቻ ይረዝማል።  ከጣቢያው በታክሲ ወንዙ ዳር ስትደርሱ የጎጆ ቤት ጣሪያ ቅርጽ ያለው ሕንፃ ታያላችሁ፤ በ2007 የተከፈተው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ነው። ውስጡ የወታደሮቹ ፎቶ፣ ልብስ፣ ዕቃ፣ ከአገር ቤት የመጣ ጀበናና መሶብ አለ። የምትጠብቀው ልጅ ከየት እንደመጣሁ ስትሰማ ተነሥታ ወገቧን ጎንበስ አድርጋ እጅ ነሣችኝ። እኔም እጅ ነሣሁ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ እንደሆነ ይገባኛል።

ከመንገዱ ማዶ፣ ውሃው ዳር፣ በ1968 የተከፈተ ቡና ቤት አለ። ያን ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቹንቾን መጥተው የዘማቾቹን ሐውልት መርቀዋል። ከመግባቴ በፊት ሁለቱን ምልክቶች ቆሜ አነበብኳቸው፤ በሁለት ማታ የተማርኩት ፊደል አልከዳኝም። የመታሰቢያው ላይ ዛሬ ኮሪያውያን እንደሚጽፉት ‘ኤ-ቲ-ኦ-ፒ-ኣ’ ይላል። የቡና ቤቱ ግን በድሮ አጻጻፍ ነው፦ ‘ኢ-ዲ-ኦ-ፒ-ኣ’። አላስተካከሉትም። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለውን ደግሞ አስተናጋጁን ጠየቅሁት፣ በጣቱ እያሳየ አነበበልኝ፤ “ቤት” አለ፣ በእኛው ቃል። ያለ ስኳር ያለ ወተት አንድ ሲኒ አዘዝኩ፤ ሰዓቱ 9 አልፎ ነበር።